ስምንት ወር በአልጎሜትር፦ መርፌው የሚይዘው ሕመሙን አይደለም

አልጎሜትሩን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ለማያውቁት፣ ቁጥሩን እንደ ሰዓት በመርፌ የሚያሳይ የግፊት መለኪያ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የምትሆን ላስቲክ አለችው። የፈረሱ ጀርባ ላይ ቀጥ አድርገው ቀስ እያሉ ይጫኑታል፤ ፈረሱ ሸሸት ሲል ያቆማሉ። ቁጥሩ ያነሰበት ቦታ የባሰ የሚያመው ነው።

ሻጩ «መርፌው ከፍተኛው ቁጥር ላይ ይቆምልሃል፣ ዓይንህን ከፈረሱ አትነቅልም» ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይቆማል። ያናደደኝም እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቢሾፍቱ ላይ አንድ ዳማ የጋሪ ፈረስ አመጡልኝ። ወገቡን በግራ በኩል ስጫነው ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ። ዓይኑ ጠበበ። አፍንጫው ተወጠረ። እጄን ሳላነሳ በድንገት ወደ እኔ ተገፍቶ መጣ። መርፌው ዘለለና እዚያው ቀረ። ከደህናው ጎን የበለጠ ቁጥር! ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የታመመው ቀኙ ነው ብሎ ይፈርድ ነበር። መርፌው የያዘው የፈረሱን ክብደት ነው።

ሻጩ ቢሰማኝ «እጅህ ፈጥኖ ነው» ይለኛል። አውቃለሁ። ፈጥነህ ከጫንክ፣ ፈረሱ እስኪነቃነቅ ድረስ ግፊቱ አልፎ ይሄዳል፤ ቁጥሩም ያለ አግባብ ይጨምራል። ለዚህ ብዬ አንድ ወር ሙሉ የኩሽና ሚዛን እየተጫንኩ እጄን አለማምጃለሁ። አንዱን ቦታም ሦስት ጊዜ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ። ግን ፈረስ ይማራል። በሦስተኛው ላይ ላስቲኩ ገና ሳይነካው ቆዳው ይርገበገባል። ይህን ምን ብዬ ልመዝግበው?

ለሰኮና ያ አሮጌ መቆንጠጫዬ ይበቃኛል። መግል የያዘው ቦታ ላይ ስትጨምቀው እግሩን ይነጥቅሃል፣ አለቀ።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ደግሞ ፊቱን ማንበብ ብር አለመጠየቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ሕመምን ከፈረስ ፊት የሚያነበው መመዘኛ ስድስት ምልክት አለው፤ የጆሮ፣ የዓይን፣ የመንጋጋ፣ የአፍንጫ እያልክ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ትሰጣለህ። ዳማው በዚያ ቢመዘን መርፌው ከመዝለሉ በፊት ነግሮኝ ነበር።

ዳግመኛ ግዛ ብባል አልገዛም። ያለኝን ግን አልጥለውም። አሁን መርፌውን ባለጋሪው አጠገቤ ቆሞ ያነባል። እኔ ጆሮውን አያለሁ። ጆሮው ተኛ ሲል «አሁን!» እላለሁ፣ እሱ ያየውን ቁጥር ይጠራል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ።