የላስታው ድንጋይ ቤት ለቅንጡ መኖሪያ ሲመዘን

በላሊበላ ዙሪያ ያለውን የላስታ ድንጋይ ቤት ወደዚያ የወጣ ሰው ሁሉ አይቶታል። ክብ ነው፤ ምድርና ፎቅ አለው፤ ግድግዳው የአካባቢው ቀይ ድንጋይ፣ ክዳኑ ሳር፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ በዙሪያቸው ያሉት እነዚህ ቤቶችም አብረው ስማቸው ተነሥቷል። በድሮው አሠራር ምድሩ የከብት፣ ፎቁ የሰው ነበር። ዛሬ ቅርጹን ሎጆች ወስደውታል፤ ከከተማ ግርግር ርቆ ጤናውን ጠብቆ መኖር የሚፈልግ ባለ ገንዘብም ዓይኑን ጥሎበታል። እዚህ የምንመዝነው የቤቱን ዓይነት እንጂ የአንድን ተቋራጭ ሥራ አይደለም።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። በአግባቡ ከተሠራ ለወሎ ደጋ ከዚህ የሚሻል ቤት አናውቅም። የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ነው።

ከግድግዳው እንጀምር። ውፍረቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣና ማታ ይመልሰዋል። ደሴም ላሊበላም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ብሩህ ሆኖ ሌሊቱ ይቆረጥማል። በዚህ አየር የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። የድንጋዩ ቤት ሁለቱንም ያለዝባል፤ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ሳይገዛ።

ድንጋዩን የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ጥሩ ጭቃ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ በየቀኑ ውሃ እየተረጨና እንደገና እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት መክረም አለበት። ሽታው ሲለወጥና በእጅ ሲይዙት እንደ ሊጥ ሲለጠጥ ደርሷል ማለት ነው። ያልከረመ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ትኋንና ቁንጫ ይገባል። የውስጡ ምርጊት ሁለት ድርብ ነው፦ የመጀመሪያው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጭዱ ረዘም ያለ፤ ሁለተኛው ስስ፣ ጭዱ የደቀቀ፣ እበት የገባበት። የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተመረገ ተልጦ ይወርዳል። በላዩ ላይ ኖራ ይቀባል፤ ፕላስቲክ ቀለም አይቀባም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግድግዳው እንዲተነፍስ ነው። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት፣ የወጥ እንፋሎት፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ፣ ሁሉም ወደ ጭቃው ገብቶ ቀኑ ሲደርቅ ይወጣል። «እንዲጠነክር» ተብሎ ሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። ውሃው ከልስኑ ጀርባ ተኝቶ ጭቃውን ያላላዋል፤ ልስኑም አብጦ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ግድግዳ በጣታችሁ መገጣጠሚያ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ነጭ ዱቄት ከያዘ ውሃው ትቶት የሄደው ጨው ነው። ከአልጋው ራስጌ ኋላ ያለውን ጥግም አሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ ካለ አስም ያለበት ሰው እዚያ ክፍል አይደር። ለዚህ ምርመራ የሚመረጠው ወር ነሐሴ ነው። በታኅሣሥ የታየ ቤት ሁሉ ደረቅ ነው።

ውሃን በሚመለከት ደግሞ አገሩ ራሱ ትልቅ ትምህርት አለው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የውሃ ማፋሰሻ ቦዮች ለዘመናት በአፈር ተሞልተው ቆይተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተጠረጉት፤ በዚያ መካከል ድንጋዩን ውሃ በልቶታል። ቤታችሁም ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ከተሠራ ጠላቱ ያው ነው። ከመሬት በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው የግድግዳ እግር ከጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይሁን። የክዳኑ ከንፈር ከግድግዳው ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ጠብታው በሚያርፍበት ልክ ቤቱን የሚዞር ቦይ ይቆፈር፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከግቢው ይውጣ። ቦዩን በአበባ መደብ መሙላት በቅንጡ ግቢ ሁሉ የሚሠራ ስህተት ነው፤ አበባው ሲጠጣ ግድግዳውም ይጠጣል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በጭቃ የተያያዘ ክብ ግድግዳ ይህን እንቅስቃሴ አይችልም፤ መጀመሪያ ከበሩና ከመስኮቱ ራስ ላይ ይተረተራል። ዋልካውን ቆፍሮ ጨርሶ ጠንካራ መሬት ማግኘት ካልተቻለ ይህ ቤት ለዚያ ቦታ አይሆንም። በደሴ ዙሪያ ባለው ተዳፋት የመሬት መንሸራተት የታወቀ ችግር ነው፤ ግንዳቸው ከሥር የጎበጠ ዛፎችን፣ የተዛነፈ አጥርንና በመሬቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅን እዩ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቦታው ላይ የሚታየው የተራራ ውበት ምንም ቢያምር አትግዙ።

ሳር ክዳኑ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ባለቤቱን ያደክማል። ተዳፋቱ ከ45 ዲግሪ ካነሰ ውሃው ከመፍሰስ ይልቅ ይሰርጋል። ውፍረቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሰምበሌጡ ፍሬው ከበሰለ በኋላ ታጭዶ በደንብ የደረቀ። ጫፉ ላይ የሚደፋው የሸክላ ጉልላት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሳሩ ሁሉ የሚገናኝበትንና ውሃ የሚገባበትን አፍ የሚከድነው እሱ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ፦ የድሮውን ክዳን ያቆየው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ነበር። ጢሱ ነፍሳቱን ያባርራል፣ ሳሩንም ያደርቀዋል። ምድጃው ከቤት ሲወጣ ለሳንባ በጎ ሆነ፤ ሳሩ ግን ጠባቂውን አጣ። ስለዚህ በጉልላቱ ሥር አየር ማስወጫ ይተውለት፤ በየዓመቱም ከመስከረም ዝናብ በኋላ ከዳኝ ወጥቶ የሳሳውን ይሙላ። ከሳሩ ሥር ቆርቆሮ ለሚያነጥፉም፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የአየር ክፍተት በማገር ካልተተወ ሳሩ ከሥሩ ይበሰብሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለ ብረት ቱቦ በሳር ውስጥ አያልፍም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ ወይባው፣ ማለትም በወይባ እንጨት ጢስ ገላን ወደ መሞቁ። ለጤና ተብሎ በሚሠራ ቤት ውስጥ ሳውናና ስቲም ማስገባት ተለምዷል፤ ወሎ ላይ ግን አራሷም ሙሽራዋም የምትሞቀው የራሱ የአገሩ ጢስ አለ። የወይባ ክፍል ያለው ቤት ከሌለው ይበልጣል ብለን በድፍረት እንመክራለን። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ካልሠራው ግን አደገኛ ክፍል ነው።

ጉድጓዱ አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ40 እስከ 50 ቢሆን ይበቃል። ዙሪያው በሸክላ ይለበጥ፤ ሲሚንቶ እሳት ሲነካው እየተሰነጠቀ ይፈነጠራል። ከሥር ፍም፣ ከላይ የተፈለጠ ደረቅ ወይባ፣ ለሽታው ጥቂት ወይራ ይጨመራል። ነበልባሉ በርዶ የረጋ ጢስ ሲሆን ነው የሚቀመጡበት፤ ነበልባል እያለ መቀመጥ እግር ያቃጥላል። ገላ ቅቤ ተቀብቶ፣ መሃሉ ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ቡሉኮ ተከናንቦ መቀመጥ ነው፤ አንገትና ራስ ከቡሉኮው ውጭ ይሁኑ። ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ የለመደች ሴት እስከ 30 ትቆያለች። ከመግባት በፊትም ከወጡ በኋላም ውሃ ይጠጣ። እርጉዝ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ።

ትልቁ አደጋ የሚታየው ጢስ አይደለም። ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሲመጣ «ጢሱ ያዘኝ» ተብሎ ይታለፋል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ክፍሉ ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፦ አንዱ ከበሩ ሥር፣ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ አየር የሚገባበት፤ ሁለተኛው ከፊት ለፊቱ በጣሪያው ከፍተኛ ቦታ፣ ከመጀመሪያው የሰፋ፣ የሚወጣበት። ማራገቢያ ብቻ ገጥሞ መግቢያውን መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው፤ የሚስበው አየር ከሌለ ማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ አይኑረው፣ ከመኝታ ክፍልም ጋር አይገናኝ። የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ይገጠም። ብቻን መሞቅም አይገባም። አንድ ጥያቄ ለሻጩ አቅርቡለት፦ ወይባው ከየት ይመጣል? ወይባ የቆላ ዛፍ ነው፤ በየሳምንቱ ለሚሞቅ ግቢ እንጨቱ ሲቆረጥ የሚተካ ችግኝ ካልተተከለ «ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር» የሚለው ቃል ባዶ ነው።

ቦታውስ? የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ዳር ብዙዎችን ይማርካል፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚህ ሐይቅ ውሃ ግን በወንዝ ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይከርማል። ስለዚህ የፍሳሽ ጉድጓዱ የት እንዳለ ከሳሎኑ በፊት እዩ። ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የማስረጊያው ታች በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ በ2 ሜትር ይብለጥ። ዳገቱ ሲወርድ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የሚያመራ ከሆነ ዋጋው ቢወርድም ተዉት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞቅ ይላል፤ ወባ ስላለበት መስኮቱ ሁሉ ወንፊት ያስፈልገዋል፤ ጌጠኛ ኩሬ የሚተኛ ውሃ ከሆነ የትንኝ ማርቢያ ነው። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ በምዕራብ ቆሞ ፀሐይዋን ቶሎ ይከልላል፤ ስለዚህ መኝታና ሳሎን ወደ ምሥራቅና ደቡብ ይዙሩ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል በ55 ዲግሪ ገደማ ስለምትቆም የደቡብ መስኮት በብርዱ ወር ውስጡን ያሞቃል። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያም ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ይዘንበል።

ሳር ክዳን የዝናብ ውሃ አያስቀዳም፤ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ለዚህ ኩሽናውና ማድ ቤቱ በቆርቆሮ ይከደኑ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ዓመት 60,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚባክነው ተቀንሶ 48,000 ያህል ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን አጥበው ይፍሰሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው። ቡናው ደግሞ በረንዳ ላይ ይፈላ። አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። በረንዳውም ሰፊ፣ ከነፋስ የተከለለ ይሁን፤ ጎረቤት መጥቶ የማይቀመጥበት ቤት ወሎ ላይ ቅንጡ አይባልም።

ቤቱ ለማን ይሆናል? ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት፣ ወይም ቢያንስ የሚከታተል ጠባቂ ለሚያኖርበት ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ለሚል ሰው አይሆንም፤ ሳሩም ምርጊቱም በየጊዜው የሚያይ ዓይን ይፈልጋሉ። ግንበኛና ከዳኝም አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሥራውን ከአባቶቹ የተማረ ሰው ላስታ ውስጥ ይገኛል፤ እርሱን ትቶ የብሎኬት ባለሙያ መቅጠር ከላይ የዘረዘርናቸውን ጥፋቶች ሁሉ በገንዘብ መግዛት ነው። ውሉ ላይ የግድግዳው ማያያዣ፣ የምርጊቱ ድርብ፣ የክዳኑ ውፍረትና የቦዩ ተዳፋት በቁጥር ይጻፍ። ከክፍያው አንድ አሥረኛው ተይዞ ይቆይና ቤቱ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈበት በኋላ፣ በመስከረም ግድግዳው እንደገና ተንኳኩቶ ሲታይ ይከፈል።