ክሊክ ቀንሳ ስልካችንን ላስጮኸችው ልጅ ምስጋና

የጎግል ማስታወቂያችሁን የሚይዝላችሁ ሰው የምትፈልጉ ትናንሽ ድርጅቶች ካላችሁ፣ አንዲት ጎበዝ ልጅ ልጠቁማችሁ። «ጎበዝ ናት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ምን እንደሰራችልን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

እኛ የቢሮ ወንበር እንጠግናለን። ድርጅታችን ትንሽ ነው፣ ዌብሳይታችንም እንደዛው። አዲስ ደንበኛ የሚያገኘን በአብዛኛው ጎግል ላይ ፈልጎ ስለሆነ፣ በክሊክ የሚከፈልበት ማስታወቂያ እናሰራለን። ለማታውቁት፣ ማስታወቂያው ስለታየ ብቻ ገንዘብ አይቆረጥባችሁም። የሚቆረጠው ሰው ሲጫነው ነው። የተጫነው ሰው ደንበኛም ይሁን፣ መንገድ የሳተም ይሁን፣ ሒሳቡ ያው ነው።

ከእሷ በፊት ስራውን የያዘልን ድርጅት በየወሩ ያሸበረቀ ሪፖርት ይልክልን ነበር። ክሊክ ጨምሯል፣ የታየበት ብዛት ጨምሯል፣ ቀስቱ ሁሉ ወደ ላይ። ስልካችን ግን ጭጭ። ለምን ስንል መልሱ «በጀት ጨምሩ» ነው።

ልጅቷ ስትመጣ ሪፖርቱን ገረፍ ገረፍ አድርጋ አየችና ዘጋችው። ከዚያ አካውንቱ ውስጥ ገብታ፣ ሰዎች ራሳቸው ጎግል ላይ የጻፉትን የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተችልኝ። ሰርች ተርምስ ይሉታል። እኛ የመረጥነው ቃል «የወንበር ጥገና» ነው። የተቀመጠው ግን በብሮድ ማች ስለነበር፣ ጎግል ይዛመዳል ብሎ ያሰበውን ፍለጋ ሁሉ እየጎተተ ያመጣልን ነበር። የዊልቸር ጥገና አለ። የጥርስ ሐኪም ወንበር አለ። «ወንበር ቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል» የሚል አለ፤ ይሄ ሰውዬ እኮ እኛን ላለመጥራት ነው የሚፈልገው! ወረድ ሲል ደግሞ «ወንበር ጥገና ክፍት የስራ ቦታ» ይላል። እሱ ላይ ጣቷን አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ሰራተኛችሁ መሆን ነው የሚፈልገው። ለሱም ከፍላችኋል» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ግን ሳቁ ብዙም አልቆየም።

ስራዋን የጀመረችው በመዝጋት ነው። «እንዴት»፣ «ስልጠና»፣ «ክፍት የስራ ቦታ»፣ «ዊልቸር» እያለች ማስታወቂያችን እንዳይወጣባቸው የምትፈልጋቸውን ቃላት አስገባች። ኔጌቲቭ ኪወርድ የሚባለው ይሄ ነው። እኔም አዋቂ ለመምሰል «ርካሽ የሚለውንም ጨምሪበት» አልኳት። እምቢ አለች። «ርካሽ የሚፈልግ ሰው አዲስ አይገዛም፣ ያስጠግናል። ደንበኛችሁ እሱ ነው» አለችኝ። ዘመኔን ሙሉ ወንበር ስጠግን ኖሬ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

በዚያው አንድ ሌላ ጉድ አሳየችኝ። ካምፔይን፣ ማለትም አንድ የማስታወቂያ ዘመቻ፣ ስትከፍቱ የቦታ ምርጫው ካልቀየራችሁት በራሱ የሚቀመጠው አካባቢያችሁ ያሉትን ብቻ ሳይሆን አካባቢያችሁን «የሚፈልጉትን» ጨምሮ ነው። ስለ ከተማችሁ የሚያነብ፣ ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው ማስታወቂያችሁን አይቶ ሊጫን ይችላል ማለት ነው። ወንበሩን በፖስታ አይልክልን! እሷ እዚያው ላሉት ብቻ አደረገችው።

ዋናው ስራ ግን ቆጠራው ላይ ነበር። የቀድሞዎቹ «አግኙን» የሚለው ገጽ በተከፈተ ቁጥር እንደ ውጤት ይቆጥሩት ነበር። እሷ ያንን አጥፍታ፣ ስልክ መደወሉንና ቅጽ ተሞልቶ መላኩን ብቻ እንዲቆጥር አደረገች። ነገሩ ቁጥር ማሳመር አይደለም። ማስታወቂያ ለማውጣት ጎግል ላይ ጨረታ አለ፤ ለክሊክ የምታቀርቡትን ዋጋ በራሱ የሚወስንላችሁ የጎግል ሲስተም ውጤት ብላችሁ የነገራችሁትን ነው የሚያሳድደው። ገጽ የሚከፍት ሰው አምጣ ካላችሁት እሱን ያመጣላችኋል፣ ከፍቶ የሚወጣ ሰው በገፍ።

አንድ ቀን ደግሞ ወርክሾፕ መጥታ ከቴክኒሻናችን ጋር ቁጭ አለች። «ሰው ሲደውል ምን ብሎ ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀችው። እኛ ወንበሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል መቀየር «የጋዝ ሲሊንደር ቅያሪ» ነበር የምንለው። ደንበኛ ግን እንደዚያ ብሎ አያውቅም። «ስቀመጥበት ይወርዳል» ነው የሚለው። ይሄንኑ ማስታወቂያው ላይ አደረገችው። አንድ ርዕስ ባዶ ቦታውን ጨምሮ ከ30 ፊደል መብለጥ ስለማይችል፣ ስትቆርጥና ስትቀጥል ብታዩአት ቴሌግራም የምትልክ ነው የሚመስለው። ለዚሁ ችግር የራሱ ገጽ እንድንሰራም ነገረችን። ድሮ ማንም ሰው ምንም ፈልጎ ቢጫን መነሻ ገጻችን ላይ ነበር የምንጥለው። ጎግል ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ከ1 እስከ 10 የጥራት ነጥብ ያሳያል፤ የሚመዝነውም ሰው የመጫኑን ዕድል፣ ማስታወቂያው ከፍለጋው ጋር መግጠሙንና ተጭኖ የሚያርፍበትን ገጽ ነው። ሦስቱ ሲሻሻሉ ለያንዳንዱ ክሊክ የምትከፍሉት ሊቀንስ ይችላል።

ውጤቱን ካላችሁኝ፣ ክሊኩ ቀነሰ፣ ስልኩ ግን መጮህ ጀመረ። ስልኩ ሲበዛ ደግሞ ጣጣ መጣ። ከስራ ሰዓት ውጪ የሚያነሳ የለም። «የማታነሱበትን ሰዓት ማስታወቂያውን አጥፍቼዋለሁ» አለችን፣ እንደ ተማሪ እየተቆጣችን። ቁጣዋን መቻል አለባችሁ፤ ቅዳሜና እሁድ መልስ አትጠብቁ። የፌስቡክ ገጽ አስውቢልን ብትሏትም አትሰራም።

አከፋፈሏ ደስ ይለኛል። ቁርጥ ያለ ወርሃዊ ነው፣ ለማስታወቂያ ከወጣው ላይ በመቶኛ አትቆርጥም። ስለዚህ በጀታችሁ ቢያብጥ ምንም አይደርሳትም። በቀን ከመደባችሁት እስከ እጥፍ የሚወጣበት ቀን እንዳለ፣ በወር ግን ከዕለቱ በጀት 30.4 እጥፍ (የወር አማካይ የቀን ብዛት ነው) በላይ እንደማትከፍሉ አስቀድማ ስለነገረችን፣ አንድ ቀን ሒሳቡ ዘሎ ስናገኘው አልደነገጥንም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን በአካውንቱ ነው። የቀድሞው ድርጅት በራሱ ስም ነበር የከፈተው። ስንለያይ የስንት ጊዜ መረጃ አብሮት ቀረ። እሷ አዲሱን በእኛ ስም፣ በእኛ ካርድ አስከፈተችን። የምትገባው የደንበኞቿን አካውንት በምታስተዳድርበት በራሷ ማኔጀር አካውንት በኩል ነው፤ ነገ ብንጣላ በአንድ ቁልፍ እናስወጣታለን። እንዴት እንደምናስወጣት ያሳየችንም ራሷ ናት።

ስራ ላብዛልሽ ብዬ አንድ ወዳጄን ልኬላት ነበር። መለሰችው። «አንተ የምትሸጠውን ነገር ሰው ገና ስሙን ስለማያውቀው ጎግል ላይ አይፈልገውም። ገንዘብህን ሌላ መንገድ ላይ አውለው» ብላ ሸኘችው። እሱ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ እኔ ግን የበለጠ አመንኳት።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ እሷም አትወድም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ። ፓስወርድ እንዳትልኩላት፣ ለማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ስጧት። ደግሞ አንድ ደንበኛ ስንት እንደሚያተርፋችሁ ቀድማችሁ አስሉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።