ቡት፣ ስኒከር ወይስ የጎማ ቦት? በረዶ ለሚያገኛችሁ ተራራ የቱ ይሻላል

ከደሴ ተነስቶ ላሊበላ አጠገብ ያለውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ሊወጣ ያሰበ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጫማ ነው። እውነት አላቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ተራራው 4,260። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ አስሉት፤ ፒያሳ ላይ በጃኬት የቻላችሁት ብርድ እዚያ ሌላ ነው። በረዶው ለወራት አይተኛም። ግን ማታ የጣለው ገደል ስር፣ ጥላው ጋ፣ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል፤ ጠዋት አመዳዩም ያንሸራትታል።

በርካሹ ልጀምር። የጎማ ቦት ውሃ አያስገባም፣ በዚህ የሚያክለው የለም። ለሰኞ ገበያ ጭቃ እኔም እሱን ነው የማደርገው። ረጅም መንገድ ላይ ግን ጉድ ይሠራል። አንዴ የደሴውን ተራራ ጦሳን በውሰት ቦት ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር እግሬ ውስጡ እየተንሸራተተ ተረከዜ ተላጠ፣ ካልሲው ቁስሉ ላይ ደርቆ ማታ ለብ ባለ ውሃ ነው ያላቀቅነው። ላቡም መውጫ የለውም። ቆም ስትሉ ይቀዘቅዛችኋል።

ስኒከር ይቀላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ ምርጫዬ እሱ ነው። በረዶ ላይ ግን ሶሉ ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙ አይነክስም።

የቆዳ ቡት ይነክሳል። በጠርዙ በረዶውን እየመታችሁ እንደ ደረጃ ትረግጡታላችሁ። ይከብዳል፣ አንዴ ከራሰም በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ እንደዛም ሆኖ ከሦስቱ አንድ ብቻ ግዙ ካላችሁኝ እሱን ነው። ሰልባጅ ተራ ስታገኙት ላዩን አትመኑ። ዓመታት የተቀመጠ ጫማ አዲስ መስሎ ሶሉ ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፣ እጥፍ አድርጉት፤ ከተፈረፈረ አስቀምጡት። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። ኦሪጅናልም ይፈረፈራል። ማስቲሹ ብቻ ከለቀቀ ሊስትሮ ይሰፋዋል።

ዘመድ ከውጭ ክራምፖን፣ ጫማ ስር የሚታሰረውን ባለ ረጅም ጥርስ ብረት፣ ላምጣ ወይ ካለ፣ ለአቡነ ዮሴፍም ለራስ ዳሸንም ተዉት፣ ሸክም ነው። እሱ በሰኔ መግቢያ እንኳ በረዶ ለማይለቃቸው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ለሴራ ኔቫዳ ተራሮች ማለፊያ መንገዶች ነው፤ እዚያም ብዙ ተጓዥ የሚይዘው ከጫማ ላይ የሚጠለቀውን ባለጥርስ ሰንሰለት፣ ማይክሮስፓይክን ነው፣ ክራምፖን ለቀጥ ያለና ለጠጠረ በረዶ ነው፣ ጠንካራ ሶልም ይፈልጋልና። ከማለዳ ተነስተው በረዶው ሳይላላ ያልፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ እስከ ጉልበት ያሰምጣል።

ከጫማው የተረፈ ብር ካለ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ግዙ። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል፣ ጥጥ ግን አያሞቅም። ጂንስ ለብሶ የመጣ ደግሞ ከኔ ጋር አይወጣም።