ጎንደር ላይ የወተት ላም ለሚገዛ፦ ፎገራ፣ በጋይት ወይስ ዲቃላ?

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የከብት ደላላም እንደዚያው ነው። የጊደሯን አባት ስትጠይቁት እናቷ አሥራ ሁለት ሊትር ትታለብ እንደነበር ይነግራችኋል። እኔም የመጀመሪያዋን ላሜን ስገዛ የእናትየዋን ወተት ሰምቼ፣ የጊደሯን ጥቁርና ነጭ መልክ አይቼ፣ «ክልስ ናት» ሲሉኝ አምኜ ከፈልኩ። አዘዞ ግቢዬ ካስገባኋት በኋላ ነው ጎረቤቴ ትከሻዋን ዳበስ አድርጎ «ይቺማ ፎገራ ናት፤ ሻኛዋን አላየኸውም እንዴ?» ያለኝ። ጊደሯ ክፉ አልነበረችም። የከፈልኩት ግን የዲቃላ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ከመልክ ልጀምር። ጥቁርና ነጭ ያየ ሁሉ የፈረንጅ ደም አለባት ይላል፤ ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ግን ከጥንትም የራሱ ጥቁርና ነጭ ከብት አለው። ፎገራ ሻኛ አላት፣ አንገቷ ሥርም ቆዳዋ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ጥቁርና ነጭ ከሆነው የፈረንጅ የወተት ከብት፣ ከሆልስታይን ፍሪዥያን፣ የተዳቀለችው ደግሞ ሻኛዋ ጠፍቶ ወይም ጉብ ያለ ምልክት ብቻ ቀርቶ ታገኟታላችሁ፤ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ፣ ግቷም ተለቅ ያለ ነው። እጃችሁን ትከሻዋ ላይ አሳርፉ፤ ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል።

ፎገራም ብትሆን «ንጹህ ዘር» ስትባል ፈገግ እላለሁ። አጥኚዎች የሚመድቧት ዜንጋ ከሚባለው ወገን ነው፤ ሳንጋ የሚባለው የአፍሪካ ከብት ወገንና ዜቡ ተዳቅለው ዘመን ያጸናው ዘር ማለት ነው። ዜቡ፣ ማለትም ባለ ሻኛው ከብት፣ ወደ አፍሪካ የመጣው ከእስያ ነው። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ ሲመረመር ግን የእኛ ባለ ሻኛ ከብቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ጥንቶቹ ሻኛ አልባ የአፍሪካ ላሞች ይመራሉ። ሻኛው የገባው በኮርማ ነው። ላሞቻችን አፍ አውጥተው እንደ በቅሎዋ የእናታቸውን ብቻ ቢነግሩን ኖሮ የታሪካቸውን ግማሽ ሳንሰማ እንቀር ነበር።

በቅሎ ካነሳሁ አይቀር፦ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ በ63 ትወለድና መካን ሆና ትቀራለች። ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዲቃላ ላም ግን ትወልዳለች፤ የገዢው ጣጣም የሚጀምረው ከልጇ ነው።

ፎገራ ላም አባቷ ፍሪዥያን የሆነ ጥጃ ስትወልድ፣ ጥጃዋ ከእያንዳንዱ ጥንድ ዘረ መል አንዱን ከእናቷ ሌላውን ከአባቷ ይዛ ትመጣለች። በአንዱ ወገን የተደበቀውን ድክመት የሌላው ወገን ይሸፍነዋል። «ሃምሳ በመቶ ደም» የሚሏት ይቺ ናት፤ ፈጥና ታድጋለች፣ ከሐበሻዋ ቀድማ ትወልዳለች፣ በወተትም ብዙ ትበልጣታለች። የመዳቀል ብርታት ሙሉ በሙሉ ያላትም እሷ ብቻ ናት። ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ ዲቃላዋን ከዲቃላ ኮርማ ጋር ባገናኝ ሁሉም እንደሷ ይሆናሉ» ይላል። አይሆኑም። የደሙ መጠን በአማካይ ሃምሳ እንደሆነ ቢቆይም፣ ከዚያ ብርታት ግማሹ ይጠፋል፤ ጥጃዎቹም እንደ ዕጣ ይለያያሉ። አንዷ የፈረንጅ ግት ይዛ ስትመጣ፣ ሌላዋ ሻኛ አውጥታ ወተቷም ከፎገራ አያቷ የማይሻል ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ «ክልስ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ይሄኛው ዓይነት ነው፤ ሻጩም አልዋሸም።

መልሶ ከፍሪዥያን ጋር ያዳቀላትስ? ሰባ አምስት በመቶ ትሆናለች። የወተት አቅሟ ከፍ ሲል ቀለቧም አብሮ ከፍ ይላል፣ የመዳቀል ብርታቷ በግማሽ ይወርዳል፣ መዥገርና ሙቀትም ይከብዷታል። የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ጥሩ ድርቆሽ ዓመቱን ሙሉ የማያጣ፣ የቢራ ፋብሪካ የብቅል አተላ የሚያገኝ ሰው ይግዛት። በጤፍ ገለባና በቤት አተላ ለሚያኖራት ግን አልመክርም፤ አጥንቷ ወጥቶ፣ ኮርማ ሳትፈልግ ዓመት የምትቀመጥ ላም ይዞ ይቀራል። በእኔ ግምት ለአብዛኛው የጎንደር ከተማ አርቢ ሃምሳዋ ትበቃለች። ደህና ከተያዘች በቀን ከስድስት እስከ አሥር ሊትር ትሰጣለች፤ ፎገራዋ ከሁለት ሦስት ሊትር ብዙም አታልፍም።

ታዲያ ፎገራን ማን ይግዛት? ግጦሽ ያለው የገጠር ሰው፣ ዋና ሐሳቡም ቅቤ የሆነ። የሐበሻ ላም ወተት ወፍራም ነው፤ ሊትሩ ቢያንስም ተንጦ የሚወጣው ቅቤ አያሳፍርም። ረግረጉን፣ ዝንቡንና ክረምቱን ለምዳዋለች። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ጥጃዋ አጠገቧ ቆሞ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም፤ ጥጃው ከሞተባት አብዛኛውን ጊዜ ትነጥፋለች። ዲቃላዋ ያለ ጥጃም መታለብ ትለምዳለች፤ ይህ ልዩነት ለከተማ ሰው ከአንድ ሊትር ወተት በላይ ዋጋ አለው። የፎገራ ሜዳ በሩዝ እየተያዘ ግጦሹ ስለጠበበ እውነተኛዋን ፎገራ ማግኘትም እያስቸገረ ነው። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሯን ጠብቆ ያረባል።

በጋይትን ባጭሩ ልለፋት። የሁመራና የአካባቢው ቆላ ከብት ናት፣ ከሐበሻ ላሞች መካከል በወተቷ ትጠራለች። ዘመድ መተማ ካላችሁ፣ ሙቀቱ ፈረንጇን በሚያስለከልክበት አገር፣ እሷን ንገሩት። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለችው ጎንደር ግን ያን ሁሉ መንገድ አጓጉዛችሁ የምታመጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ደላላ የማያነሳው ሌላ ሒሳብ ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን የወተት ደንበኛ ይጠፋል፤ ላሟ ግን አትጾምም። አሥር ሊትር የምትሰጥ ዲቃላ ያለው ሰው ያን ጊዜ ፋጉሎ እየገዛ ቅቤ ያጠራቅማል፤ የፍሪዥያን ወተት ደግሞ ቀጠን ስለሚል የልፋቱን ያህል አያወጣም። ቅቤ ለሚያስብ የከተማ ሰው ጀርሲ ከሚባለው የፈረንጅ ዘር የተዳቀለች ብትገኝ ትሻላለች፤ አካሏ አነስ ያለ፣ ቀለቧም ያነሰ፣ ወተቷም ስባም ነው።

ለመግዛት ስትሄዱ ማታም ጠዋትም ስትታለብ ቆማችሁ እዩ። አንድ ጊዜ ሳያልቧት አድረው ግቷን ወጥረው የሚያቀርቡ አሉ። «ስንት ትሰጣለች?» ስትሉም ከወለደች ስንት ወሯ እንደሆነ ጠይቁ፤ በሁለተኛው ወር የታየ ወተት በስምንተኛው አይገኝም። ከዚያ የአባቷን ነገር አንሱ። በአዳቃይ፣ ማለትም የኮርማ ዘር በሰው ሠራሽ ዘዴ በሚያስገባ ባለሙያ፣ የተዳቀለች ከሆነች የኮርማው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መኖር አለበት። ከሌለ እንደ ሃምሳ በመቶ አትክፈሉ፤ መልኳ ላይ ተደራደሩ እንጂ ደሟ ላይ አትደራደሩ።

ያ ቁጥር ከገዛችሁ በኋላም ያስፈልጋችኋል። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ አዳቃይ ጠርታችሁ ያንኑ የአባቷን ዘር ቢያስገባባት፣ የምትወለደው ጥጃ ከአራት አንድ እጅ ዘረ መሏ ከአንድ ምንጭ ተደጋግሞ የመጣ ይሆናል፤ የተደበቀው ድክመት ያኔ ሊወጣ ይችላል። ወረቀት በዝናብና በአይጥ ይጠፋል። እኔ የአሁኗን ሃምሳዬን ስገዛ የአባቷን ቁጥር በከሰል የበረቱ በር ጀርባ ላይ ጻፍኩት፤ አዳቃዩ ሲመጣ መጀመሪያ በሩን ዘግቼ አሳየዋለሁ።