ከሁለት ላንድክሩዘር የወጣ አንድ ሃርድቶፕ፦ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

መኪናው የ75 ሞዴል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ፦ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ሻንሲውና ቦዲው የራሱ ናቸው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊት አክስሉ፣ ራዲያተሩና አብዛኛው የኤሌክትሪክ መስመር ግን ተገልብጦ ከታረደ (ለመለዋወጫ ከተፈታታ) ሌላ መኪና የመጡ ናቸው። ሥራው የተሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ነው። እስካሁን 16,000 ኪሎሜትር ያህል ሄዷል፤ አብዛኛው ከተማ ውስጥ፣ ቀሪው በክረምት ጭቃ የሰሜን ሸዋ ገጠር መንገድ።

ከታረደው መኪና የመጣው ብረት እስካሁን አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረንም። በእነዚህ ወራት ላስቸገረን ነገር ሁሉ ምክንያቱ ላስቲክ ነበር፦ «ገና ደህና ነው» ተብሎ የታለፈ ኦይል ሲል፣ ያልተቀየረ የውሃ ቱቦ፣ የደረቀ የፍሬን ጎሚኒ። ስለዚህ ብረቱን ከአሮጌ ግዙ፤ ላስቲኩን ግን አንዱንም ሳታስቀሩ አዲስ አድርጉ። መንግሥት በጥር 2016 ከኤሌክትሪክ መኪና ሌላ ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቀ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና አድሶ መያዝ የሚያስብ ሰው በዝቷል። ለዚያ ሰው የሚጠቅመውን በዝርዝር እንጻፍ።

የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስትገቡ «የላንድክሩዘር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከባዶቹ የ70 ተከታታይ መኪኖች (75ም የዚህ ተከታታይ ነው) ከሥር ተቀይረዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ አላቸው፣ ቸርኬያቸውም በ6 ዳዶ ይታሰራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊታቸው በሞላ ሆኗል፣ ዳዷቸውም 5። ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት ክፍል) ላይ ያሉትን ብሎኖች ቁጠሩ፤ 5 ከሆኑ ለ75 ብላችሁ አትክፈሉበት።

ቀጥሎ የዲፈረንሻሉ ሬሾ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ (ዲፈረንሻሉን የሚያዞረው ዘንግ) ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አክስሉ መሬት ላይ እንዳለ ሁለቱን ሞዞዎች እኩል አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና ካርዳኑ የሚታሰርበት ፍላንጅ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ፍላንጁ ላይ በኖራ ምልክት ብታደርጉ አትሳሳቱም። አራት ዙርና ትንሽ ከሆነ 4.11 ሊሆን ይችላል፤ አራት ሳይሞላ ከቀረ 3.70 ወይም ሌላ ነው። ዲፈረንሻሉ ከተፈታ ደግሞ ጥርሱን ቁጠሩ፦ 37 በ9 ከሆነ 4.11፣ 37 በ10 ከሆነ 3.70። የፊቱ 4.11፣ የኋላው 3.70 ሆኖ አራቱንም ጎማ ብታስገቡ፣ 10 ሜትር በሄዳችሁ ቁጥር የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ሜትር ያህል ይለያያሉ። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይውጠዋል። ደረቅ መሬት ላይ ግን መሪው ይደርቃል፣ ቀጥሎ ክሮቼራው (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ወይም ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) ይሰበራል። ሻጩ ሬሾውን ላያውቀው ይችላል፤ እጃችሁን አቆሽሹና ራሳችሁ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ቮልት ነው። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ ከተሠሩት አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው። ከእነሱ የወጣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ወይም አልተርኔተር 12 ቮልት መኪና ላይ ሥራ አይሠራም፤ የ12 ቮልት ማሞቂያ ካንዴላ 24 ላይ ከታሰረ ደግሞ ወዲያው ይቃጠላል። ጽሑፉ ዕቃው ገላ ላይ አለ፤ ቅባቱን ጠርጋችሁ አንብቡ።

ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) አስለኩ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጌጁም ከመጽሐፉ ቁጥር ዝቅ ብሎ ያነባል። በዚህ አትደንግጡ። ማየት ያለባችሁ በስድስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይ ክዳንና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ዋን ኤችዜድ አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ቴስታታው መሰንጠቅ ያውቃል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። አውርዳችሁ በግፊት አስፈትሹት፤ ይህን ወጪ አትቆጥቡ።

ታይሚንግ ቤልቱ በ100,000 ኪሎሜትር የሚቀየር ነው፤ የታረደ መኪና ስንት እንደሄደ ደግሞ የሚያረጋግጥላችሁ የለም። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ቤልቱን ከነማስወጠሪያው፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱንና የክራንኩን የፊትና የኋላ ሲል በአንድ ጊዜ ቀይሩ። የኋላው ሲል መሬት ላይ ሆኖ ቀላል ሥራ ነው፤ ሞተሩ ከገባ በኋላ ግን ካምቢዮውን ማውረድ ይጠይቃል። ሞተሩን ለማንሳት አንድ ቶን የሚችል ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ይበቃል። መስቀያው ግን የቤቱ ጣሪያ እንዳይሆን፤ ከ300 ኪሎ በላይ ነውና ማገር አይችለውም። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በሦስት እግር አቁማችሁ፣ እግሮቹ እንዳይከፈቱ ከታች በሰንሰለት እሰሩ።

ሞተሩ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የታየው ጥቁር ጭስ ነው። አየሩ ሳስቶ ናፍጣው እንዳለ ሲገባ ይህ የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች በግፊት አስፈትሹ፤ አየር ማጣሪያውንም እዩ። ሁለቱም ደህና ሆነው ጭሱ ከቀጠለ የፓምፑን የናፍጣ መጠን ብሎን፣ የነበረበትን ቦታ በጭረት ምልክት አድርጋችሁ፣ በዙር አንድ ስምንተኛ ቀንሱና ዳገት ላይ ፈትኑ። መፈተኛው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለው መንገድ ነው፦ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጭነት ይዞ፣ ሳያርፍ። እዚያ ላይ የሙቀት መርፌው ከመሃል ካላለፈ ራዲያተሩ ደህና ነው። የእኛው አለፈ። ምክንያቱ የራዲያተሩ ክዳን ነበር። በዚህ ከፍታ ውሃ ግፊት ከሌለው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ላስቲኩ ደርቆ ግፊት ካልያዘ፣ ራዲያተሩ ንጹሕ ቢሆንም ሞተሩ ያፈላል። አዲስ ክዳን ከተደረገለት ወዲህ መርፌው አልተነሳም።

አሁን ወደ ፊት አክስሉ። ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ትልቁ ስህተትም የተሠራው እዚህ ነው።

ጎማው የሚታጠፍበት ኳስ ውስጥ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ) በግሪስ ተሞልቶ ይቀመጣል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ዘይት ከዚህ ግሪስ የሚለየው አንድ ቀጭን ኦይል ሲል ብቻ ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ይገባና ግሪሱን ያቀልጠዋል፤ የተከፈተ ቀን ወፍራም መሆን የነበረበት ግሪስ ጠቁሮ እንደ ቀጠነ ሽሮ ይፈሳል። ከውጭ የሚታየው ምልክት ኳሱ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ጭቅቅት ነው። ከታረደው መኪና ሲመጣ ኳሱ ደረቅ ስለነበር ሳይከፈት ገባ። በ7,000 ኪሎሜትር ግራው ማፍሰስ ጀመረ፤ ቅባቱ ፍሬኑ ላይ ደርሶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርድ መኪናው ወደ ቀኝ መሳብ ያዘ።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ከአክስሉ ጫፍ ቀለበቱን አውጡ፤ የፍላንጁን ዳዶዎች ፍቱና በነሐስ መዶሻ ዙሪያውን ምቱት፤ ሾጣጣዎቹ ዋሸሮች እየዘለሉ ይወጣሉ። በብረት መዶሻ ከመታችሁ የብሎኑ ጥርስ ይበላሻል። የሞዞው ዳዶ 54 ቁጥር ነው፤ በመሮና በመዶሻ የሚፈቱት ብዙ ናቸው፣ ግን ልኩን ያበላሻል፤ ቁልፉን ግዙ። ከኳሱ የላይና የታች ክዳኖች ሥር ያሉትን ሺሞች (ቀጫጭን የማስተካከያ ቆርቆሮዎች) የላይኛውን ከላይ፣ የታችኛውን ከታች ለይታችሁ በሽቦ እሰሩ። ከተቀላቀሉ አክስሉ ከመሃል ይሸሻል፣ አዲሱም ሲል በአንድ ጎን ተበልቶ እንደገና ያፈሳል። ሲሉ የሚነካካበትን የአክስል ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ፦ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ሲል ብቻ አያድነውም፤ አክስሉ ይቀየር። የሲሉ ባለስፕሪንግ ከንፈር ወደ ዲፈረንሻሉ ይዙር። ላይና ታች ያሉት ኩሽኔታዎች (ቤሪንጎች) ከነቀለበታቸው አዲስ ይሁኑ። ባለሞሊብደነም ግሪስ ሲቪ ጆይንቱ ውስጥ በእጃችሁ ጠቅጥቁ፤ ኳሱን ግን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲሞቅ መስፋፊያ ይፈልጋል። በመጨረሻ የሞዞውን ዳዶ 60 ኒውተን ሜትር ያህል አጥብቁ፣ ሞዞውን ወዲያና ወዲህ አሽከርክሩ፣ አላሉት፣ ከዚያ ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ ቀስ ብላችሁ መልሱ።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ አሁንም ካፈሰሰ የአክስሉን መተንፈሻ እዩ። ጭቃ ከደፈነው ዘይቱ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ አጥቶ በአዲሱም ሲል በኩል ይገፋል። ክረምት ላይ ውሃ ከተሻገራችሁ በኋላ መተንፈሻውን ማጽዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቱቦ ገጥማችሁ ወደ ላይ፣ እስከ ሞተሩ ክፍል ብታወጡት ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል።

ፍሬኑ ላይ ብዙ የሚባል የለም። የፍሬን ቱቦዎችና የጎሚኒ ኪቶች በሙሉ አዲስ ይሁኑ፣ አየሩም ከሩቁ ጎማ ተጀምሮ ይውጣ።

ወረቀቱን ግን አታቃልሉ። ሊብሬው ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ። ሞተሩ ሲቀየር ቁጥሩም ስለሚቀየር ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ትያዛላችሁ። ሞተር ስትገዙ ደረሰኝና የታረደውን መኪና ሰነድ ኮፒ ተቀበሉ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ብሎክ ዋጋው ምንም ቢረክስ አትንኩ።

ናፍጣው ከተማ ውስጥ በሊትር ወደ 7 ኪሎሜትር፣ በደብረ ብርሃን መስመር ወደ 9 ነው። ካምቢዮው ዝም ያለ ነው። ሞተሩ በሁለት ዘይት ለውጥ መካከል ጭማሪ አልጠየቀም። የግራው ኳስ ተከፍቶ ከተሠራ ወዲህ 9,000 ኪሎሜትር ደረቅ ነው። ቀኙ ግን ያኔ ሳይከፈት ስለታለፈ አሁን ከታች በኩል ማላብ ጀምሯል። ሲሉ፣ ሁለቱ ኩሽኔታዎችና የኳሱ መጥረጊያ ላስቲክ ተገዝተዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ይከፈታል።