የካሊፎርኒያ ፈጣን ባቡር፦ በአውራ ጎዳናው ዳር ወይስ በከተሞቹ በኩል?

የካሊፎርኒያ መራጮች በ2008 እ.ኤ.አ. ለፈጣን ባቡር የ9.95 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቁ። ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያደርሳል ተባለ። ያኔ ጠቅላላ ወጪው 33 ቢሊዮን ገደማ ነበር። አሁን ግምቱ ከ100 ቢሊዮን ዘሏል። እስካሁን ያልበረደው ክርክር መስመሩ በየት ይለፍ የሚለው ነው።

አንደኛው አማራጭ ኢንተርስቴት 5 የተባለውን አውራ ጎዳና ዳር ይዞ መሄድ ነበር። ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰውም እምብዛም የለበትም። በዋጋ ብቻ ካየነው ይሄ ይሻላል።

የተመረጠው ግን በፍሬስኖና በቤከርስፊልድ ከተሞች በኩል የሚያልፈው ነው። እዚህ ብሩ በየጥጉ ይፈሳል። አንድ የአልሞንድ እርሻ አስቡ። ሀዲዱ ማሳውን ሰያፍ ሲቆርጠው ገበሬው የሚያጣው መሬት ብቻ አይደለም። የመስኖ ቧንቧው ለሁለት ይቆረጣል። ትራክተሩ ወዲያ ማዶ ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ካሳ አለ፣ ድርድር አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ከተማ ሲገባ ደግሞ ድልድይ በድልድይ ነው።

እኔ ግን አሁንም ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፍሬስኖ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ያን ሁሉ ሕዝብ ባቡሩ በሩቁ ጥሎት ማለፉ አይዋጥልኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ መሬቱ ተገዝቶ ሳያልቅ ግንባታው መጀመሩ። ተቋራጮች ቦታ እስኪለቀቅላቸው ሲጠብቁ ሂሳቡ ይቆጥር ነበር።