አለመጠጋትን ለማሳየት፦ ኤፕሲለን ወይስ ንዑስ ድርድር?

አባላቱ -1/2፣ 2/3፣ -3/4፣ 4/5 እያሉ የሚቀጥሉ ድርድር (በተራ የተደረደሩ ማለቂያ የሌላቸው ቁጥሮች) ሊሚት የለውም፤ ማለትም አባላቱ ወደ አንድ ቁጥር አይጠጉም። ይህን በሁለት መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል።

በኤፕሲለን፦ ሊሚት አለው እንበልና ኤፕሲለንን (ከሊሚቱ የሚፈቀደውን ርቀት) 1/2 እናድርግ። ከሆነ ተራ በኋላ አባላቱ ሁሉ ከሊሚቱ ያላቸው ርቀት ከ1/2 ስለሚያንስ፣ የሁለት ተከታታይ አባላት ልዩነት ከ1 ማነስ አለበት። እዚህ ግን ልዩነቱ ሁልጊዜ ቢያንስ 7/6 ነው፤ ተቃርኖ። አስቸጋሪው ተስማሚውን ኤፕሲለን መምረጥ ነው።

በንዑስ ድርድር (ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ከድርድሩ በተመረጡ ማለቂያ የሌላቸው አባላት)፦ በተጋማሽ ተራ ያሉት ወደ 1፣ በኢተጋማሽ ተራ ያሉት ወደ -1 ይጠጋሉ። ሊሚት ቢኖር ሁለቱም ወደ እሱ በተጠጉ ነበርና፣ አለቀ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ይህኛው ይሻላል።

መጠጋትን ለማሳየት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተራው ብቸኛ ቁጥር (2፣ 3፣ 5፣ 7...) ሲሆን 1፣ ካልሆነ 0 የሚሰጥ ድርድር አስቡ። የ2 ብዜቶችን ብንወስድ ወደ 0፣ የ3 ብዜቶችን ብንወስድም ወደ 0፣ የማንኛውም ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ብዜቶችንም እንዲሁ። ድርድሩ ግን አይጠጋም፤ ብቸኛ ቁጥሮቹ ላይ ዘወትር 1 ነውና። ስለዚህ ጥቂት ንዑስ ድርድሮች መስማማታቸው የሚበቃው፣ ቁጥራቸው ውስን ሆኖ ተራዎቹን በሙሉ ሲሸፍኑ ነው፤ ተጋማሽና ኢተጋማሽ አንድ ላይ እንደሚያደርጉት።

ሌላው የተለመደ ስህተት ወሰንን መርሳት ነው፦ 0፣ 2፣ 0፣ 4፣ 0፣ 6... የሚጠጉ ንዑስ ድርድሮቹ ሁሉ ወደ 0 ቢሄዱም ድርድሩ ራሱ አይጠጋም። የተወሰነ (አባላቱ ሁሉ በሁለት ቋሚ ቁጥሮች መካከል የሚቀሩ) ድርድር ቢሆን ኖሮ፣ የተወሰነ ድርድር ሁሉ የሚጠጋ ንዑስ ድርድር አለው በሚለው በቦልዛኖ-ቫየርሽትራስ ቲዎረም መሠረት መጠጋቱ አይቀርም ነበር።